የጠብታዋ ዳጉ

ከዕለታት አንድ ቀን፣ አዳይቱ አጠገብ ከአዋሽ የተቀዳች አንዲት የውኃ ጠብታ ከፍታው 0.2 ሚሊ ሜትር ወደሆነ የብርጭቆ ቦይ ገባች። ሁለት ወገኖች ይኖሩባታል፤ ግዙፎቹ አልጌዎችና ደቃቆቹ ባክቴሪያዎች። ፈሳሹ ሁሉንም አንጋግቶ ይነዳቸዋል፤ ቆሞ የሚነጋገር የለም።

ከቦዩ ሥር የተኛው ክሪስታል ኤሌክትሪክ ሲነካው በሰከንድ 4 ሚሊዮን ጊዜ እየተርገበገበ ተጣራ። ድምፁ ከጣሪያው ተመለሰ። ወጪውና ተመላሹ ተገናኝተው መሀል ላይ ግፊቱ የሚረግብበት ስፍራ አበጁ። የቦዩ ከፍታ የሞገዱን ርዝመት ግማሽ ያህል ባይሆን ኖሮ ጥሪው ከንቱ ጩኸት ሆኖ በቀረ ነበር።

አልጌዎቹ ተግተልትለው መሀል ተቀመጡ። ባክቴሪያዎቹ ግን ድምፁ ራሱ ባስነሣው ሽክርክሪት እየተላጉ አለፉ።

«ጥሪው ለሁሉም ነው፤ ያልመጣ ስላልፈለገ ነው» አለ አንድ ወፍራም አልጌ። ይህን ቃል በየአዳራሹ በሰማሁ ቁጥር ያመኛል።

«እማማ፣ እኛ እኮ ወሬ ይዘናል!» ብላ አንዲት ባክቴሪያ ወደ አረጋዊቷ አልጌ ጮኸች።

አረጋዊቷ ወደ ወፍራሙ ዞረች። «ድምፅ የሚይዘን በግዝፈታችን ልክ ነው። እሷ በወርድ ካንተ 10 እጥፍ ብታንስ፣ የሚደርሳት ጉልበት 1000 እጥፍ ያንሳል። የአፋር እረኞች መንገድ ላይ ሲገናኙ አይተህ የለ? ቁጭ ብለው ስለ ውኃው፣ ስለ ግጦሹ፣ ስለ ሰላሙ ይጠያየቃሉ፤ የሰማ ለሚቀጥለው ያደርሳል። ዳጉ ይሉታል። እኛም የደረሰንን እናድርስ።»

አልጌዎቹ ተጠጋግተው ጸኑ። ገላቸውን የመታው ድምፅ በዙሪያቸው ተበተነና በአጠገባቸው የሚያልፉትን ደቃቆች ይስብ ጀመር። አንዷ ተጠጋች፤ ሌላዋ ተከተለች፤ ወዲያው ጎርፉ የማይወስዳቸው ጉባኤ ሆኑ። የስዊድኑ የሉንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ይህንኑ በአልጌ ፋንታ በፕላስቲክ ዶቃዎች ሠርተው አሳይተዋል።

«ምን አያችሁ? ምን ሰማችሁ?» አለች አረጋዊቷ።

«ከላይ፣ ወንዙ ውስጥ ግመል ሞቷል።»

ክሪስታሉ ዝም ሲል የተሰበሰቡት በአንድነት ወደ ማይክሮስኮፑ ፈሰሱ። ተበታትነው ሳሉ አንዲቷን እንኳ ያላየች የጤና ባለሙያ አሁን አየቻቸው፤ ውኃው መበከሉንም ለመንደሩ ተናገረች። በማግስቱ ጎልማሶች ወንዙን ይዘው ሽቅብ ወጡ፤ የበከተውንም ግመል በገመድ ጎትተው አወጡት።