አንድሮሜዳን ማን ዳራት?

በመተማ ሙቀት ላይ ሌላ ማቃጠያ አያስፈልግም ነበር። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ጥላው ራሱ ጥላ የሚፈልግበት አገር ነው። የልጅ ልጆቼ ግን ይህ አልበቃ ብሏቸው ግሪክን አመጡብኝ። የሰው ልጅ ከሱዳኗ ገላባት ማዶ ሽቶ ያመጣል፣ ሻይ ቅጠል ያመጣል፤ የኔዎቹ የአማልክቱን አለቃ ዜውስን አመጡ። እሱም ብቻውን አልመጣም፤ ወንድሞቹን፣ ሚስቱን፣ ሚስቱ የማታውቃቸውን ልጆቹን ሁሉ አስከትሎ ገባ።

ቀን ከኒሟ ጥላ ሥር፣ ማታ ደጅ ባወጣነው አልጋ ላይ፣ ወሬው ይኸው ነው። የግሪክን ተረት የወደደ የዓለም ወጣት ሁሉ እንደገና ይጽፈዋል፣ ይስለዋል፣ ይዘፍነዋል አሉኝ። ሪክ ሪዮርዳን የሚባል አሜሪካዊ ከ2005 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የባሕሩን አምላክ የፖሲዶንን ልጅ የዘመናችን ተማሪ አድርጎ ይጽፋል። ሆርሄ ሪቬራ ሄራንስ የሚባል የፖርቶ ሪኮ ልጅ ደግሞ ከትሮይ ጦርነት ወደ አገሩ የሚመለሰውን የኦዲሴውስን መንከራተት በ40 ዘፈን አቀናብሮ በ2024 ጨረሰው፤ ዘፈኖቹን የወደዱ ወጣቶች የሚንቀሳቀስ ሥዕል ይሠሩላቸዋል። ማንም ሳይከፍላቸው! እኔ ቤት ውሃ ቅዱ ሲባሉ ወገባቸውን የሚያማቸው ልጆች፣ ለባዕድ አምላክ ሲሆን ሌሊቱን ሙሉ በነጻ ቀለም ይቀባሉ።

ይህንንም ችዬው ነበር። ትልቋ አንድ ቀን ስልኳን በጣቷ እየዳበሰች ዐለት ላይ በሰንሰለት የታሰረች ልጃገረድ ስትስል እስካይ ድረስ።

«ይቺ ደግሞ ማን ናት?»

«አንድሮሜዳ ናት አባባ። የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ።»

«የንጉሥ ልጅ ከሆነች ቀሚሷስ?»

«ፈረንጆቹ እንዲህ ነው የሚስሏት።»

ከዚህ በኋላ ነገሩ የግሪክ መሆኑ ቀርቶ የቤተሰብ ጉዳይ ሆነብኝ። ቁጭ በይና ከሥሩ ንገሪኝ አልኳት። ኬፌዎስ የሚባል የኢትዮጵያ ንጉሥ ነበር ይላሉ ግሪኮች። ሚስቱ ካሲዮፒያ ከባሕር ልጃገረዶች እበልጣለሁ ብላ በመልኳ ተመካች። (የምትበልጠው ልጄ ናት አለች የሚሉም አሉ፤ ያው ነው፣ ጥፋቱ የምላስ ነው።) ፖሲዶን ተቆጥቶ ጎርፍና የባሕር አውሬ ላከ። ጠንቋይ ሲጠየቅ ልጅቷን ለአውሬው ስጡ አለ፤ አባትዬው ሰጠ። በዚያች ሰዓት የግሪኩ ጀግና ፐርሲየስ ክንፍ ያለው ጫማ አድርጎ፣ ያየውን ሰው ድንጋይ የሚያደርገውን የሜዱሳን ራስ በከረጢት ይዞ በሰማይ ሲያልፍ አያት። ኦቪድ የሚባለው ሮማዊ እንደጻፈው፣ ልጁ ሰይፉን ከመምዘዙ በፊት ወላጆቿ ፊት ቆሞ ካዳንኳት ትድሩልኛላችሁ ሲል ተዋዋለ። አውሬው ውሃውን እየሰነጠቀ ይመጣል፣ ልጅቷ ታስራለች፣ እሱ ጋብቻ ይደራደራል! እነሱም መንግሥታቸውን መርቀው እሺ አሉ። ሽማግሌ አልተላከ፣ ዘር አልተቆጠረ፣ አባትህ ማነው ተብሎ አልተጠየቀ። አባቱ ዜውስ ነው፤ ቢጠየቅም የሚያኮራ መልስ አልነበረውም።

ከሁሉ የሚያበሽቀኝ ግን የፊንዮስ ነገር ነው። ልጅቷ ታጭታ ነበር እኮ! የንጉሡ ወንድም ፊንዮስ እጮኛዋ ነበር። ሰርጉ ላይ ሰው አስከትሎ ደረሰ፤ ጠቡ ሲከር ፐርሲየስ የሜዱሳን ራስ መዝዞ እሱንም 200 ተከታዮቹንም ድንጋይ አደረጋቸው። እውነት ነው፣ ፊንዮስ አጎቷ ነው፤ እኛ ጋ ሰባት ቤት ሲቆጠር ገና ከበሩ ይመለስ ነበር። አውሬው ሲመጣም የት እንደነበረ አልታወቀም። ቢሆንም ያጨ ሰው ጥሎሹ ይመለስለታል እንጂ ድንጋይ አይደረግም። ከተማዋን ገንዳ ውሃም ሆነ ሸኽዲ በሏት፣ እዚያ ሦስት ሽማግሌ ዋርካ ሥር ቢቀመጥ ጉዳዩ ከሰዓት በኋላ ያልቅ ነበር። ልጆቹ ይህን ሁሉ ትተው የሚስሉት ክንፋሙን ጫማ ነው።

ቀለሙስ? ኦቪድ ራሱ በሌላ ግጥሙ አንድሮሜዳን ጠይም ብሏታል። ሠዓሊው ቲሲያን ሣላት፣ ሠዓሊው ሩበንስ ሣላት፤ ሁለቱም ወተት አስመሰሏት። ሆሊውድም በ1981 እና በ2010 (እ.ኤ.አ.) ፊልም ሲሠራ ከወተቱ አልወጣም። ቀለም ጠፍቶ ነው እንዳልል፣ ሬቸል ስማይዝ የምትባል የኒው ዚላንድ ሴት በ2018 (እ.ኤ.አ.) በጀመረችው የስልክ ኮሚክ የሙታን ንጉሥ ሃዴስ ሰማያዊ ነው፣ ፐርሰፎኒ ሮዝ ናት። ሰማያዊ ሰው ተገኘ፣ ሮዝ ሰው ተገኘ፣ ለኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ የሚሆን ጠይም ቀለም ብቻ ጠፋ!

ያ ሃዴስ ደግሞ፣ ሳልረሳው፣ ጠላፊ ነው። ዜውስ የፐርሰፎኒ እናት ሳታውቅ ልጅቷን ለገዛ ወንድሙ ፈቀደ፤ እሱም ልጅቷ አበባ ስትለቅም መሬት ከፍቶ ይዟት ገባ። የዛሬ ወጣቶች ይህን የፍቅር ታሪክ አድርገው ልብ ይሥሉበታል። እኛ አገር ቢሆን የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 587 ይጠብቀው ነበር።

እንደገና መተረክ ክልክል ነው አላልኩም። ትልቋን የልጅ ልጄንም «ቤተ ክርስቲያን ስትሳለሚ ግድግዳው ላይ ምን ታያለሽ?» ብዬ ጠየቅኳት። ፈረሰኛው ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ከሥሩ ዘንዶው፣ ከዛፉ ላይ ብሩታዊት። የንጉሥ ልጅ ለአውሬ ተሰጥታ ጀግና ደርሶ ያድናታል። የፈረንጅ ሊቃውንት ሁለቱን ታሪኮች ያዛምዷቸዋል፤ ጥንት የአንድሮሜዳ ዐለት ይታይ የነበረው ኢዮጴ ባሕር ዳር ነው፣ የጊዮርጊስ መቃብር ያለባት ልዳም ከዚያ ሩቅ አይደለችም። እኔ በዚህ ክርክር አልገባም፤ ንስሐ አባቴ ይሰሙኛል። ግን የኛን ሠዓሊ ብልሃት ተመልከቱ፦ ልጅቷን ቀሚስ አልብሶ ዛፍ ላይ አወጣት። ዘንዶ ሲመጣ ልቡና ያለው ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ዜና እስክንድርን በግዕዝ የጻፉት አባቶችም የመቄዶኑን ንጉሥ ክርስቲያን አድርገው፣ ጾም አስጹመው፣ በንጽሕና አኖሩት። እናቱ ብትሰማ አታምንም ነበር። መለወጥ ማለት እንዲህ ነው!

ዋናው ቅሬታዬ ሌላ ነው፤ የግብዣው ነገር። የኢሊያድና የኦዲሴ ባለቅኔ ሆሜር ኢትዮጵያውያንን ነቀፋ የሌለባቸው ሕዝቦች ይላቸዋል። ሆሜር ዕውር ነበር ይባላል። ስንት ዘመን ኖረን ነቀፋ የለባችሁም ያለን አንድ ሰው ቢገኝ እሱም ዕውር! በኢሊያድ መጀመሪያ ላይ ዜውስ አማልክቱን በሙሉ ነድቶ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ግብዣ ይሄዳል፤ የሚመለሰው በ12ኛው ቀን ነው። 12 ቀን ሙሉ! የመተማ ሰው እንግዳ ይወዳል፣ ግን እንግዳም በሦስተኛው ቀን ጫማውን ይፈልጋል። በኦዲሴ ደግሞ ፖሲዶን ብቻውን መጣ፤ የበሬና የበግ መሥዋዕት በገፍ ቀረበለት። እሱ እኛ ዘንድ ተቀምጦ ሲበላ ሌሎቹ አማልክት ተሰብስበው ኦዲሴውስ አገሩ ይግባ ብለው ወሰኑ። እንግዲህ ሰውዬው ቤቱ የገባው በማን በሬ ነው? ፖሲዶንም ከኛ ሲመለስ ኦዲሴውስን ባሕር ላይ አይቶ ማዕበል አስነሣበት። እንዲያ በልቶ እንዲያ መቆጣት ነውር ነው። ልጆቹ ካሰሙኝ ዘፈን ሁሉ ስለ በሬዎቹ አንዲት ቃል አልሰማሁም። ትሮይ ድረስ ዘምቶ በግሪኩ አኪሌስ እጅ ስለወደቀው ስለ ኢትዮጵያውያን ንጉሥ ስለ ሜምኖንም ያው ነው፤ ስለ ትሮይ የተሠራው የ2004ቱ (እ.ኤ.አ.) የሆሊውድ ፊልም ስሙን እንኳ አላነሣውም።

አንድ የተማረ ጎረቤቴ «አባባ፣ የግሪኮቹ ኢትዮጵያ የኛ አይደለም፣ ከግብፅ በላይ ያለው የኩሽ አገር ነው፣ ሜሮዌ ነው፣ ዛሬ ሱዳን ነው» አለኝ። ለሱዳኖች ይሁንላቸው። ግን የጥንት ሰዎች ሜሮዌን ደሴት ያሏት የአትባራ ወንዝና ዓባይ ከብበዋት ስለነበረ ነው። አትባራ ደግሞ ማነው? የኛው ጓንግ ነው፤ የጭልጋንና የመተማን ዝናብ ይዞ ድንበር የሚሻገረው። ውሃው ከኛ፣ የሜሮዌ ፒራሚድ ከነሱ። የአንድሮሜዳን ነገር ከገላባት ሽማግሌዎች ጋር ሻይ እየጠጣን እንጨርሰዋለን።

በጥቅምትና በኅዳር፣ ሰሊጡ በሚታጨድበት ወቅት፣ ልጆቹ ማታ ተንጋለው ወደ ሰሜን ያንጋጥጣሉ። ካሲዮፒያ ከነዙፋኗ፣ ኬፌዎስ ከጎኗ፣ አንድሮሜዳ ከአናታችን በላይ፤ ቤተ መንግሥቱ በሙሉ ኮከብ ሆኗል። አንድሮሜዳ የተባለው የከዋክብት ክምችት 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ይርቃል ብለው ያስተምሩኛል። ሲነጋ አንድ እርምጃ የሚርቀውን ማጭድ የሚያነሣ የለም። አኪሌስ ተረከዙን መመታቱን ያውቃሉ፤ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. የት ተመቱ ብዬ ስጠይቅ ግን እርስ በርስ ይተያያሉ። እዚሁ መተማ ነዋ! ቋራስ ሩቅ ነው? ከዚያ የተነሣውን ቴዎድሮስን ጸጋዬ ገብረ መድኅን በትያትር፣ ብርሃኑ ዘሪሁንና አቤ ጉበኛ በልብ ወለድ እየደጋገሙ ተርከውታል። እነሱም ሰው የወደደውን ታሪክ እንደገና ከመጻፍ ሌላ ምን አደረጉ?

እንግዲህ በስልካችሁ አንድሮሜዳን የምትሥሉ የአገሬ ልጆች፣ እጃችሁን አልያዝኩም፣ ሣሉ። ጠይም አድርጓት፣ ቀሚስ አልብሷት፣ ከተቻለም ዛፍ ፈልጉላት። ለፊንዮስ ጥሎሹን መልሱለት። የ12ቱን ቀን ግብዣ ስትሥሉ ደግሞ ዜውስን ብቻ አታግዝፉ፤ ስንት በሬ እንደታረደና ማን እንደከፈለ ከሥሩ ጻፉበት።