ዚያድ ባሬን ያቃተው

የሐርጌሳን ዘፈን ዝም ለማሰኘት የተደረገው የመጀመሪያው ሙከራ፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ የጀማሪ ሥራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1988 የሶማሊያው ገዢ የዚያድ ባሬ አብራሪዎች ከሐርጌሳ አውሮፕላን ማረፊያ ተነሥተው፣ ሐርጌሳን ደብድበው፣ እዚያው ሐርጌሳ ያርፉ ነበር። ያ ሁሉ ነዳጅ! ያ ሁሉ ቦምብ! የሬዲዮ ሐርጌሳ ሰዎች ግን ካሴቱን መሬት ቆፍረው ቀበሩት፤ ከፊሉን ወደ ጅቡቲና ወደ እኛ አገር አሻገሩት። ከተማዋ ፈረሰች፣ ዘፈኑ ተረፈ። ዛሬ አንድ ሚግ የጦር አውሮፕላን መሐል ከተማ ሐውልት ላይ ተሰቅሎ የአላፊ አግዳሚ ፎቶ መነሻ ሆኗል።

ዩቲዩብ እንዲህ ያለ ዝርክርክነት አያውቅም። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ኮንተንት አይዲ የሚባል ነዳጅ የማይጠጣ ጨዋ ማሽን አለው። እስቲ አንድ የሐርጌሳ ልጅ የአያቱን ካሴት ከነኮሽታው ከድሮ ፎቶዎችና ከራሱ ምት ጋር ቀላቅሎ ይልቀቅ። ማሽኑ ድምፁን አንድ ባለመብት ነኝ ባይ ካስገባው ፋይል ጋር ያመሳስላል፤ ቪዲዮው ይታገዳል። ወይም፣ የቸርነት ጥግ ነውና፣ አይታገድም፤ የማስታወቂያው ገንዘብ ብቻ የይገባኛል ጥያቄ (ክሌም) ወዳቀረበው ይሄዳል። ካሴቱን ማን እንደቀበረው ማሽኑ አይጠይቅም። ፋይል የጫነ እንጂ ጉድጓድ የቆፈረ ባለመብት አይሆንም።

ቅር ካለው አቤት ይበላ! አቤቱታው መጀመሪያ የሚቀርበው ክሌም ላደረገው ለራሱ ለከሳሹ ነው፤ እሱም እስከ 30 ቀን በጥሞና ያስብበታል። ራስን ጥፋተኛ ለማለት መቼም ጊዜ ያስፈልጋል። ነገሩ ከሮ ስትራይክ የሚባለው የቅጂ መብት ቅጣት ከመጣ ደግሞ፣ ልጁ በሐሰት ቢምል እንደሚቀጣ አውቆ፣ በአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤት ልዳኝ ብሎ ይፈርማል። አድራሻም ይጽፋል። እዚህ ላይ ትንሽ እክል አለች፤ ዓለም አቀፉ የአገሮች ኮድ ሐርጌሳ ለምትገኝባት ለሶማሊላንድ የራሷን ቦታ አልሰጣትም። እናም ከሞቃዲሾ መንግሥት አውሮፕላን የተደበቀውን ዘፈን ለማስመለስ «አገር፦ ሶማሊያ» ብሎ መሙላት ሊኖርበት ነው።

«ዘፋኙስ አይከፈለው?» የሚል አይጠፋም። ይከፈለው እንጂ! ገንዘቡ የአሮጊቷን ዘፋኝ በር ቢያንኳኳ ኖሮ እኔም ብዕሬን ባላነሣሁ። ግን ሕግ ሕግ ነው ካልን እስከ ጥጉ እንሂድ። ያኔ ሬዲዮ ጣቢያውም ብዙዎቹ ታላላቅ የሙዚቃ ቡድኖችም የመንግሥት ነበሩ። እንግዲያው የካሴቱ ባለመብት ቦምብ ጣዩ መንግሥት ነው፤ ቀባሪዎቹ የመንግሥት ንብረት የሰወሩ ሌቦች ናቸው፤ ሪሚክስ የሚሠራው ልጅም የሌባ ተቀባይ።

የሐርጌሳ የባህል ማዕከል በሺዎች የሚቆጠሩ ካሴቶችን ሰብስቦ ወደ ዲጂታል ሲያዞር ቆይቷል። ምን አስቸኮላቸው? ጉድጓድ ውስጥ ሳሉ አንድም ስትራይክ አልመታቸውም ነበር።