ጠላቂ፣ ተንሳፋፊና እኔ

መቀሌ፣ ሓድነት ውስጥ ውሃ በጀሪካን የማስቀዳ ሰው ነኝ። ቧንቧው ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ይጠፋል፤ ሲብስ ከቦቴ እንገዛለን። እንዲህ ያለውን ሽማግሌ ነው እንግዲህ ልጆቹ ተማክረው «አቦይ፣ ባህር እንወስድዎታለን» የሚሉት። እኔ እግሬን የምታጠብበት አጥቼ፣ እነሱ የሚጠልቁበት አማራቸው!

ምክክሩ በስልክ ነው። ትልቁ ልጄ ከቶሮንቶ፣ እህቱ ከአዲስ አበባ፤ የልጅ ልጄ እዚሁ አጠገቤ ሆኖ ስልኩን ይይዝልኛል፣ እኔ እጮኻለሁ። ቤተሰቡ በሦስት ነገድ ተከፍሏል። ትልቁ ልጄና ሚስቱ ጠላቂ ናቸው። ሴቷ ልጄና ልጆቿ መነጽርና ቱቦ አድርገው፣ ፊታቸውን ውሃ ውስጥ ደፍተው ይንሳፈፋሉ፤ ስኖርክል ይሉታል። እኔና እናታቸው ሻንጣ ጠባቂ ነን። የሚመረጠው ባህር ለጠላቂው፣ ሰዓቱ ለጠላቂው፤ ጥላ ያለበት ወንበር መኖሩን የጠየቀ አንድ ሰው የለም።

ጠላቂው ልጄ ወረቀት አለው። 200 ሜትር ዋኝቶ፣ 10 ደቂቃ ተንሳፍፎ፣ ባህር ውስጥ አራት ጊዜ ወርዶ ያገኘው ነው፤ እስከ 18 ሜትር ያስወርደዋል። አስራ ስምንት! እኔ በጉብዝናዬ ጨው ከሚጭኑት ከአርሆ ጋር ዳሎል ወርጃለሁ። ከባህር ጠለል በታች 100 ሜትር አልፌ፣ በዚያ እሳት መሬት ላይ ጨው አስጭኜ፣ በበርሃሌ በኩል ከግመል ኋላ ኋላ በእግሬ ተመልሻለሁ። ማን ወረቀት ሰጠኝ? በትከሻዬ የነበረውም የውሃ ኮዳ እንጂ የኦክስጅን ሲሊንደር አልነበረም። ይህን ስል የልጅ ልጄ ጣልቃ ገባና «አባሓጎ፣ ኦክስጅን አይደለም እኮ፤ የታመቀ ተራ አየር ነው» አለኝ። ጭራሽ! ለተራ አየር ነው ዶላር የሚከፈለው? አየር ብቻ ነው እኮ እዚህ ሰፈር ሳይቋረጥ የሚመጣ።

የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ምጽዋ ከእኛ ወደ አዲስ አበባ ከሚወስደው መንገድ ግማሽ ያህል ቢርቅ ነው። ዓዲግራት፣ ዛላምበሳ፣ አስመራ፣ ከዚያ ቁልቁለቱን መውረድ። ከፊቱ የዳህላክ ደሴቶች፣ ኮራሉ፣ ዓሣው፤ ለሦስቱም ነገድ የሚበቃ ባህር። መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የዛላምበሳ መንገድ ሲከፈት መቀሌ እልል አለ፤ ዘመድ ከዘመዱ ተቃቀፈ። በእኛ ሰፈርም ሚኒባስ ተኮናትረን ለገና ምጽዋ እንወርዳለን ተባባልን። ገና ሳይደርስ ኬላው ተዘጋ። ከዚያ ወዲያ የመጣውን ታውቁታላችሁ፤ በጦርነቱ እንኳን የባህሩ መንገድ፣ የአዲስ አበባውም አውሮፕላን ሁለት ዓመት ገደማ ቀረብን። አሁን ደግሞ ከደጃፋችን ያለውን ቀይ ባህር ትተን፣ ሁለት አውሮፕላን ለዋውጠን ሕንድ ውቅያኖስ ልንፈልግ ነው።

ልጄ በመጀመሪያ ያመጣው ጅቡቲን ነበር። ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ከኅዳር ጀምሮ ዌል ሻርክ የሚባለው፣ ከዓሣ ሁሉ የሚበልጠው ፍጥረት ይመጣል አለ፤ ለማየትም መጥለቅ አያስፈልግም፣ መንሳፈፍ ይበቃል። ወሩን ሳሰላው ጾመ ነቢያት ሆኖ ተገኘ። ዓሣውስ ጨዋ ነው፤ ያን ሁሉ አፍ ከፍቶ ውሃ እያጣራ ጥቃቅን ነገር ብቻ ይለቅማል አሉ። ጾም ሳይሉ ከባህሩ ዳር የዓሣ ጥብስ ከሚያዙት ከእኔ ልጆች ይሻላል።

ሴቷ ልጄ ደግሞ ተማሪ ቤት በነሐሴ ዝግ ነው ብላ ነሐሴን ያዘች። ፍልሰታን ሱባኤ የምገባበት፣ ወዲያው አሸንዳ የሚሆንበት ወር! ሴቶቹ ከበሮ ይዘው ደጄን ሲያንኳኩ እኔ የት ሄጄ ልገኝ ነው? ደግሞ በዚያ ወራት በምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ ስዋሂሊዎቹ ኩሲ የሚሉት የደቡብ ነፋስ ይነፍሳል፤ ማዕበሉ ይነሳል፣ ውሃው ይደፈርሳል። ጠላቂው ራሱ ይህን ሲሰማ ዝም አለ።

ዛንዚባር ይሁን ተባለ። ጠየቅኩ፣ አስጠየቅኩ። በምሥራቁ ዳርቻ፣ ፓጄና ጃምቢያኒ በሚባሉት መንደሮች፣ ባህሩ በቀን ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ አንዳንዴ ከኪሎ ሜትር በላይ። ከሥሩ አሸዋና ሴቶቹ የሚያለሙት የባህር አረም ይቀራል። ጠላቂው በጀልባ ወደ ምኔምባ ደሴት ይሄዳል፣ ተንሳፋፊዋም ትከተለዋለች። እኔስ? በዶላር ከፍዬ ውሃ ሲሄድ ልይ? ውሃ ሲሄድማ እዚሁ ቤቴ ሆኜ አያለሁ።

ሲሰለቸኝ ዕቅዱን እኔው አወጣሁት። ጊዜው ከጥምቀት ማግስት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ነው። በዚያ ወራት ካስካዚ የሚባለው የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ነው ያለው፤ ባህሩ ሞቃት፣ ውሃው ከነሐሴው የጠራ ነው፤ ትልቁ ዝናብ ገና አልደረሰም። የቤተ ክርስቲያኑ ፍስክና የባህሩ ፍስክ አንድ ላይ ወድቀዋል። ነነዌ መሐል ከገባች ሦስት ቀን ነች፣ በአሸዋው ላይ እንጾማታለን።

ቦታው የኬንያ ደቡብ ዳርቻ ነው። እስከ ሞምባሳ በአየር፣ ሊኮኒን በፌሪ ተሻግሮ ዲያኒ ማደር፣ ጠዋት ወደ ሺሞኒ መውረድ። ከሺሞኒ ወደ ኪሲቴ ምፑንጉቲ የባህር ፓርክ የሚሄደው ጀልባ ሁላችንንም አንድ ላይ ይጭናል፤ የወደድኩት ለዚህ ነው። ጠላቂው ይወርዳል፤ ተንሳፋፊዋ የሕይወት ጃኬቷን አጥልቃ፣ ጀርባዋ እንዳይቃጠል ሸሚዟን ሳታወልቅ፣ ኮራሉን ሳትነካ ከላይ ታያለች፤ እኔ ጀልባው ላይ ከጥላው ሥር ሆኜ ዶልፊን እጠብቃለሁ። ከዚያ ዋሲኒ ደሴት ላይ ምሳ፤ እግሩን ለሚያሳክከው ሰው የመንደሩ ሴቶች የሚያስተዳድሩት የእንጨት መሄጃ በማንግሮቩና በጥንቱ ኮራል መሐል አለ። እግር ሳይረጥብ የባህር ወለል ማየት ማለት ይህ ነው፤ የእኔ ዓይነት ጥልቀት።

አንድ ነገር ግን በጣም ደስ አሰኘኝ። ጠላቂ ውሃ ውስጥ ሳለ ናይትሮጅን በደሙ ይሟሟል፤ ወዲያው ወደ ከፍታ ከወጣ ክዳኑ እንደተነሳ ሚሪንዳ አረፋ ያወጣል፣ ይታመማል፣ ሊሞትም ይችላል። ስለዚህ ደጋግሞ የጠለቀ ሰው አውሮፕላን ከመሳፈሩ በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት ይቆይ ይላሉ። አውሮፕላኑ ውስጥ ያለው አየር ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ እስኪጠጋ ይሳሳል፤ መቀሌ ደግሞ ራሷ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። እኛ ሳንሳፈር በሰማይ የምንኖር ሰዎች ነን ማለት ነው። ምጽዋም ቢከፈትልን ጠልቆ በዚያው ቀን አስመራ መውጣት አይቻልም ነበር።

እናም የመጨረሻዋን ቀን ጠላቂው ልጄ ከነወረቀቱ፣ ከነ18 ሜትሩ፣ ደረቅ መሬት ላይ ከጎኔ ይቀመጣል። ቡናው በእኔ ሰዓት ይፈላል፣ ወሬው በእኔ ምርጫ ይሆናል። «አንድ ቀን በከንቱ!» ብሎ ከቶሮንቶ ጮኸ። እንዲያውም ሁለት ቀን አድርጉት አልኩ።

የሚያሰጋኝ የራሴ ነገድ ነው። ትናንት እናታቸው የልጅ ልጄን ወደ ጓዳ ጠርታ፣ ያ መነጽር ከነጠላ በላይ ይጠለቅ እንደሆነ በሹክሹክታ ስትጠይቀው ሰማኋት።