ሙሽራዋ አረጀች እኮ!

የስቱዲዮውን ልጅ የሰርግ ፎቶ በማውስ ሲለቅም አይታችሁታል? ቀስቱን እየጎተተ የመምረጫ ምልክቷ ባንዲራ ድረስ ይወስዳል፣ ጠቅ ያደርጋል፣ ወደ ቀጣዩ ፎቶ ይመለሳል፣ ደግሞ ጠቅ። አጠገቡ የተቀመጠችው ኤዲተር ታገሰች፣ ታገሰች፣ አልቻለችም።

«ስማ፣ በዚህ አያያዝህ መልሱ ላይ ሳትደርስ ልጃቸው ክርስትና ይነሳል።»

«እኔ የምጨነቀው ለጥራት ነው።»

«ጥራትማ አለህ! ፎቶው ጥርት ብሎ ሲደርስ ባልና ሚስት ተፋተው አልበሙን ማን ይውሰድ ይባላል።»

ነገሩ ከባድ ቢሆን ባልፈረድኩበት። ላይትሩም ክላሲክ በሚባለው የፎቶ ፕሮግራም ላይ ፎቶ ለመያዝ ፒ፣ ለመጣል ኤክስ፣ ሐሳብ ለመቀየር ዩ መጫን ነው። ካፕስ ሎክ ከበራ ምልክት ባደረጉ ቁጥር ራሱ ወደ ቀጣዩ ያልፋል። ከ1 እስከ 5 ኮከብ ነው፤ ከ6 እስከ 9 ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ። አምስተኛው ቀለም፣ ወይን ጠጁ፣ ቁልፍ አልደረሰውም።

«ያለ ማውስ የማትንቀሳቀሱት አንተና ወይን ጠጁ ብቻ ናችሁ» አለችው።

«ኤክስ ብዬ ፎቶው ቢጠፋብኝስ?»

«ምልክት ነው እንጂ ቀብር አይደለም! ኮንትሮልና ባክስፔስ እስክትጫን የሚጠፋ የለም። ያኔም ከዲስክ ላጥፋ ወይስ ከካታሎጉ ብቻ ላውጣ ብሎ ይጠይቅሃል። ጥላህ የሄደችው ልጅ እንኳ ይህን ያህል አልጠየቀችህም።»

«እሺ፣ ስም መስጠቱስ? ሺህ ፎቶ ላይ ሚዜ፣ ሚዜ እያልኩ ልጻፍ?»

«ዘጠኝ ቃል በአንድ ስብስብ አስቀምጥ። ሙሽራ፣ ሙሽሪት፣ ሚዜ፣ ኬክ፣ ጭፈራ… ፎቶዎቹን በግሪድ ላይ አንድ ላይ ምረጥና ኦልትን ከቁጥሩ ጋር ተጫን፤ ሁሉም ላይ ይለጠፋል። ኦልትና 0 ስትል ወደ ሌላው ስብስብ ያልፋል፤ የመልሱን ዘጠኝ እዚያ አድርግ።»

«አይ ፍጥነት! ባለፈው የሙሽራውን እናት ከነጥልፋቸው ኬክ ብለሽ ለጥፈሽ፣ እትዬን ቀኑን ሙሉ ስንፈልግ ዋልን።»

«ከኬኩ አጠገብ አልነቃነቅ ብለው ነዋ!»

እዚህ ላይ ግን ነጥቡ የእሱ ነው። ጣት ሲፈጥን ስህተትም አብሮ ይፈጥናል፤ ቀድሞ የተመረጡት ፎቶዎች እንዳሉ ከተረሳ፣ አንድ ቁልፍ የዘመድ አዝማዱን ስም ይቀይራል። ደግሞ የስቱዲዮው ሰው ሁሉ በአጻጻፉ ካልተስማማ አጭሩ መንገድም አያድንም። እሷ «ሰርግ» ብላ ትለጥፋለች፣ እሱ «ሠርግ» ብሎ ይፈልጋል። እኛ ስናነባቸው አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተሩ ግን የተለያዩ ፊደሎች ስለሆኑ አንዱን ሲጠሩት ሌላው አቤት አይልም።

ለማንኛውም ካፕስ ሎክን አበራ፤ ፒ፣ ፒ፣ ፒ፣ ፒ… ኪቦርዱ ተንጫጫ።

«ጨረስኩ!»

«ስንቱን ጣልክ?»

«ምንም። ሁሉም ቆንጆ ናቸው።»

«አንተ ሰርግ ብትደግስ አዲስ አበባን በሙሉ ልትጠራ ነዋ!»

«አንቺን አልጠራም። አንቺን ኤክስ ብያለሁ።»

«ዩ ትለኛለህ። ነገ አልበሙን የሚያስረክብልህ ማን አለና!»