ጅምር ሥራዎችን ሥርዓት ለማስያዝ የወጣ አዋጅ

አዋጅ! አዋጅ! የደበሎ ቅዳጅ! ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! (የደበሎው ቅዳጅ ከተገኘ አይጣል፤ ለድሪቶው ስለሚፈለግ ለእኛ ይቅረብ።)

እኛ፣ በመርፌ ቸርነት የሳሎኑና የመኝታ ቤቱ ባለሥልጣን፤

3 የዳንቴል የጠረጴዛ ልብስ፣ አንገቱ ብቻ የተጠለፈ የሐበሻ ቀሚስ፣ ክዳን ያልወጣለት መሶብ፣ እጅጌ የሌለው የሕፃን ሹራብና ግማሽ ድሪቶ በአንድ ጊዜ ተጀምረው አንዱም ሳያልቅ ስለተገኘ፤

ሹራቡ የታሰበለት ሕፃን ዘንድሮ 4ኛ ክፍል ስለገባ፤

ባለቤታችን ማታ ማታ «ዛሬስ የት ልቀመጥ?» ማለታቸው የመንግሥታችንን ክብር የሚነካ ሆኖ በመገኘቱ፤

የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፤ ይህ አዋጅ «የጅምር አዋጅ ቁጥር 1» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ቁጥር 2 ተጀምሯል።

አንቀጽ 2፤ የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፣ «ድሪቶ» ማለት ቁርጥራጭ ጨርቅ እየተቀጣጠለ የሚሰፋ የአልጋ ልብስ ነው፤ ጎረቤት ለቃሉ የሚሰጡትን ትርጉም አይጨምርም። «ነገ» ማለት ከዛሬ ወዲያ ያለ ማናቸውም ዘመን ነው።

አንቀጽ 3፤ ሥራ የሚወለደው ከትርፍራፊ መሆኑ ታውቋል። አንዱ የዲኤምሲ የጥልፍ ክር ጥቅል 8 ሜትር ሲሆን በውስጡ 6 ቀጫጭን ክር አለው። ለቀሚሱ ጥልፍ 2ቱን መዘዝን፤ 4ቱ ቢተርፉ በነሱ ሌላ ነገር ጀመርን። ከቀሚሱ የተቆረጠው ጨርቅ ድሪቶውን ወለደ። ፈትሉም እንዲሁ ነው፤ ለነጠላ ብለን ጀምረን፣ ልቃቂቱ ሲያምርብን «ጋቢ ይሁን» አልን። ነጠላ በስሙ ቢያታልልም ባለ 2 ድርብ ነው፣ ጋቢ ግን ባለ 4፤ ስለዚህ ለመጨረስ አንድ ሳምንት ቀርቶት የነበረው ፈትል ገና ግማሹ ሆነ። ሸማኔው ድሩን ገዝተው ማጉን ከእኛ እየጠበቁ ነው። ሰላምታችን ይድረሳቸው።

አንቀጽ 4፤ ባለቤታችን የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1845 ለውል ጥያቄ የ10 ዓመት ይርጋ ማስቀመጡን ጠቅሰው፣ መሶቡ 11 ዓመት ስለሞላው አክርማውና አለላው ከቁም ሣጥኑ ይውጣልኝ ብለዋል። ክርክሩ ጠንካራ ነበር። ነገር ግን ባለዕዳ ዕዳውን ባመነ ቁጥር ይርጋው እንደሚቋረጥና ቆጠራው እንደ አዲስ እንደሚጀምር ያው ሕግ ይላል። እኛ ደግሞ በየእንቁጣጣሹ «ዘንድሮ እጨርሰዋለሁ» እያልን ስናምን ኖረናል። መሶቡ ባለበት ይቆያል።

አንቀጽ 5፤ አንድ ጅምር ሳያልቅ ሌላ መጀመር ከዛሬ ጀምሮ ክልክል ነው። ሰርግ፣ ክርስትና፣ የወለደች ዘመድ፣ ጎረቤት ያመጣችው አዲስ ንድፍ፣ እንዲሁም «ለማየት ብቻ» ወደ መርካቶ የተደረገ ጉዞ ክልከላው አይመለከታቸውም።

አንቀጽ 6፤ በጥልፍ መቀሱ ጥፍር የቆረጠ፣ ወረቀት የቀደደ ወይም የዶሮ ብልት የለየ ማንኛውም ሰው ድሪቶውን ይጨርሳል።

አንቀጽ 7፤ «አንዱን ሳትጨርሺ ሌላ አታንሺ» የሚለው የእናታችን ልማዳዊ ሕግ፣ ከዚህ አዋጅ ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ ስላስደነገጠን፣ ተሽሯል።

አዋጁ የሚጸናው ኪሮሹ ሲገኝ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ የታየው ሶፋው ላይ ስለሆነ፣ እንግዳ ሁሉ ከመቀመጡ በፊት በእጁ እንዲዳብስ በጥብቅ እናሳስባለን።