«አትግባ» የተባለው ሞጁል

ዋይፋይ የጠፋበት የሊኑክስ ሰው መጀመሪያ ላፕቶፑን አጥፍቶ ያበራል። ካልሆነለት እንደገና አጥፍቶ ያበራል። «እስቲ ሎጉን ልየው» የሚለው ጉልበቱም ተስፋውም ካለቀ በኋላ ነው፤ ሎጉ ግን ገና ከጠዋቱ ጥፋቱን ጽፎ ተቀምጧል።

ቢሲኤም4312 የምትባለውን የብሮድኮም ካርድ እንውሰድ፤ በአሮጌ ላፕቶፖች ሆድ ውስጥ ዛሬም አለች። ማሽኑ ሲነሳ ካርዷ መታወቂያዋን ታሳያለች፦ 14ኢ4፣ 4315። የፊተኛው የአምራቹ ቁጥር ነው፣ የኋለኛው የራሷ። ከርነሉ ቁጥሩን ይዞ ይጣራል፤ ዩዴቭ ይሰማና ሞድፕሮብን ያዝዛል፤ ሞድፕሮብም ዴፕሞድ አስቀድሞ ያዘጋጀለትን መዝገብ ገልጦ ቁጥሩን የሚያውቅ ሞጁል ይፈልጋል። ችግሩ «ካርዷ የእኔ ናት» ባዩ መብዛቱ ነው። በአንድ በኩል አልሚዎች የሌላ ድራይቨርን አሠራር ፈልፍለው የጻፉት ቢ43 አለ፤ ኤስኤስቢ የተባለው ሞጁል ካርዷን ቀድሞ ይይዝና ለእሱ ያስረክባል። በሌላ በኩል ኮዱ የተዘጋው የኩባንያው ደብሊውኤል አለ። ቀድሞ የደረሰ ይወስዳታል።

ሰውየው ደብሊውኤልን መርጧል እንበል። ሞድፕሮብ.ዲ በተባለው ፎልደር ውስጥ ፋይል ከፍቶ «ብላክሊስት ኤስኤስቢ፣ ብላክሊስት ቢ43» ብሎ ይጽፋል። ልቡ ያርፋል። ማሽኑን ያስነሳና የገቡትን ሞጁሎች ለማየት ኤልኤስሞድ ሲል፣ ኤስኤስቢ ተደላድሎ ተቀምጧል።

ብላክሊስት ስሙ እንደሚያስፈራው አይደለም። የሚያግደው በመታወቂያ ቁጥር የመጣውን ጥሪ ብቻ ነው። በስሙ የጠራው ካለ ይገባል፤ ሌላ ሞጁል «ያለ እሱ አልሠራም» ካለም ይገባል፤ ሠርግ እንዳይጠራ የተባለ ዘመድ ከሚዜዎቹ ጋር ተቀላቅሎ እንደሚገባው። የምሩን መከልከል የፈለገ «ኢንስቶል» በሚለው ትዕዛዝ፣ ሞጁሉ በተጠራ ቁጥር በምትኩ «ፎልስ» የተባለችው ፕሮግራም እንድትሮጥ ያደርጋል። የፎልስ ሙሉ ሥራ ምንም ሳትሠራ «አልተሳካም» ብላ መመለስ ነው። ለዚህ ሥራ ራሱን የቻለ ፕሮግራም መኖሩን ሲሰሙ የማይስቁ ጥቂቶች ናቸው።

ይህም ተደርጎ ኤስኤስቢ ሊመለስ ይችላል። ማሽኑ ሲነሳ ዋናው ዲስክ ከመከፈቱ በፊት ኢኒትራምኤፍኤስ የሚባል ትንሽ የፋይል ጥቅል ሜሞሪ ላይ ይዘረጋል፤ በውስጡ የሞጁሎቹም የሞድፕሮብ.ዲም ቅጂ አለ። ጥቅሉ የተሠራው ክልከላው ከመጻፉ በፊት ከሆነ ወሬውን አልሰማም፤ የድሮውን ትዕዛዝ በታማኝነት ይፈጽማል። ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ አፕዴት-ኢኒትራምኤፍኤስ፣ ፌዶራ ላይ ድራኩት ጥቅሉን እንደ አዲስ ይሠሩታል። ስንት ሌሊት የበላ ችግር በዚህች አንድ መስመር ሲፈታ፣ ከደስታ በፊት የሚመጣው ንዴት ነው።

አሁን የደብሊውኤል ተራ ደረሰ። «ሞጁሉ አልተገኘም።» ለካ ትናንት ማታ ከርነሉ አፕዴት ሆኗል! ደብሊውኤል ከከርነሉ ጋር አብሮ የማይመጣ ስለሆነ ለእያንዳንዱ አዲስ ከርነል እንደገና መገንባት አለበት፤ የዴል መሐንዲሶች በ2003 እ.ኤ.አ. ዲኬኤምኤስን ያበጁት ለዚሁ ነበር። የከርነሉ ሄደር ፋይሎች ካልተጫኑ ግን ዲኬኤምኤስም እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ሄደሩ ተጭኖ፣ ሞጁሉ ተገንብቶ፣ ሴኪዩር ቡት የበራበት ማሽን ከሆነ ደግሞ ሌላ መልስ ይጠብቀዋል፦ «ቁልፉ ተቀባይነት አላገኘም»። ማሽኑ የሚያምነው ፊርማ ያስፈልጋል ማለት ነው።

በመጨረሻ ይገባል። ከርነሉ ግን በዝምታ አይቀበለውም፤ የተዘጋ ኮድ ስለገባብኝ ተበክያለሁ ብሎ ሎጉ ላይ ይመዘግባል። ሞጁሉ ቢወጣ እንኳ ምልክቱ ማሽኑ ዳግም እስኪነሳ አይለቅም። አንድ ቀን ከርነሉ ተበላሽቶ ሰውየው ሪፖርት ቢልክ፣ አልሚዎቹ ምልክቱን ያዩና «መጀመሪያ ያለዚያ ሞጁል ሞክረህ ጻፍልን» ይሉታል። ያለ ዋይፋይ በምን እንደሚጽፍላቸው አይነግሩትም።