የአሥራ ስድስተኛውን አሃዝ ዕጣ ለመወሰን የወጣ የፌዝ አዋጅ

9,007,199,254,740,992 የተባለው ሙሉ ቁጥር 53 ሁለቶች ተባዝተው የሚሰጡት ውጤት በመሆኑ፤ ከ2 በቀር ሌላ ብቸኛ ቁጥር የማያካፍለው፣ 1ንና ራሱን ጨምሮ 54 አካፋዮች ብቻ ያሉት ጨዋ ቁጥር ሆኖ ሳለ በኮምፒውተር ሆድ ውስጥ የድንበር ኬላ ሆኖ በመገኘቱ፤ በሐዋሳ ከተማ ቱላ የሚገኝ፣ ስሙን መጥቀስ የማያስፈልግ አንድ ጽሕፈት ቤትም ኬላው መኖሩን ሳያውቅ ሰውን በኬላው በኩል ሲያሳልፍና ሲመልስ በመታየቱ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፦ አጭር ርዕስ
ይህ አዋጅ «የአሥራ ስድስተኛው አሃዝ አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል።

አንቀጽ 2፦ ትርጓሜ
«ኬላ» ማለት እ.ኤ.አ. በ1985 በወጣው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ቁጥር አጻጻፍ ደረጃ መሠረት አንድ ቁጥር በ64 የዜሮና የአንድ ቦታዎች ሲሰፍር፣ ሙሉ ቁጥሮች ሳይዘለሉ በተርታ የሚቆጠሩበት የመጨረሻ ወሰን ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ላለ ጎዶሎ ቁጥር ሁሉ ማደሪያ ስለሌለ በኬላው ላይ 1 ቢደመር ማሽኑ ያንኑ ኬላ መልሶ ያወጣል። «ሲስተም» ማለት ጥፋተኛ ሲፈለግ ስሙ የሚጠራ ነው።

አንቀጽ 3፦ መነሻ
በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተደነገገው የዲጂታል መታወቂያ፣ ማለትም ፋይዳ፣ ካርዱ ላይ የሚታተመው ቁጥር 16 አሃዝ ነው። ጽሕፈት ቤቱ መዝገቡን የሚይዝበት ኤክሴል ግን ከኬላው ወዲህ ቆሞ 15 አሃዝ ብቻ ይይዝና አሥራ ስድስተኛውን ወደ 0 ይለውጣል።

አንቀጽ 4፦ ከካርዱ ጋር ስለማይገጥሙ ተገልጋዮች
ሀ) ቁጥሩ ከመጀመሪያውም በ0 የሚያልቅ ተገልጋይ በሕይወት እንዳለ ይቆጠራል፤ ሆኖም ዜሮው የራሱ መሆኑን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ከቀበሌው ያቀርባል።
ለ) ቁጥሩ ከ1 እስከ 9 ባለው አሃዝ የሚያልቅ ተገልጋይ እንደሌለ ይቆጠራል፤ በፊደል ሀ የተጠቀሰው ደብዳቤም አይመለከተውም፣ የሌለ ሰው ቀበሌ የለውምና።
ሐ) እንደሌለ የተቆጠረ ሰው አለመኖሩን ለማስረዳት በአካል መቅረብ አለበት፤ ወኪል አይፈቀድም።
መ) የመጀመሪያዎቹ 15 አሃዞች የሚመሳሰሉላቸው ሰዎች ቢገኙ እስከ አሥር ድረስ እንደ አንድ ሰው ይስተናገዳሉ፤ ፊርማውን በስምምነት ይመርጣሉ።
ሠ) ከገጠር ቀበሌ የእንሰት ሥራዋን ጥላ ለመጣች፣ ካርዷ ላይ 7 መዝገቡ ላይ 0 ለተገኘባት እናት፣ ካርዱ እውነት መዝገቡም እውነት ስለሆነ ሐሰት ልትሆን የምትችለው እሷ ብቻ ናት። «እማማ፣ ሲስተሙ አልተቀበለዎትም፤ ነገ ይመለሱ» ይባላል፤ የነገው ነገ ግን አይወሰንም።
ረ) ከፊደል ሀ እስከ ሠ ያለው ሁሉ ቁጥሩ ከመጻፉ በፊት የዓምዱን ዓይነት «ጽሑፍ» ብሎ በመምረጥ ወይም ከፊቱ አንዲት ነጠላ ጭረት (') በማስቀደም ይቀራል። አንዲት ጭረት! ቁጥሩ የሚደመር፣ የሚባዛ ነገር አይደለም፤ ስም ነው፣ ስም ደግሞ አይጠጋጋም። ጭረቷን ለመንካት አንድ ጣት በቂ ነበር፤ ያቺ ጣት ግን ጠዋት ሙሉ የሞባይል ስክሪን ስትገፋ ውላ፣ ሰልፉን ቀና ብላ ሳታይ፣ ለምሳ ወጥታለች።

አንቀጽ 5፦ ተፈጻሚነት ስለማይኖራቸው ሕጎች
ከዚህ አዋጅ ጋር የሚቃረን ማናቸውም ደንብ፣ መመሪያ ወይም ሒሳብ ተፈጻሚነት አይኖረውም።

አንቀጽ 6፦ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ
በማስታወቂያ ሰሌዳ ከተለጠፈበት ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል።